የበለጋር ተራራ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ለልደቱ የተሰጠውን ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ «ጋሼ፣ ሱቅ ውሰደኝ» አለኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር ብዙ ሳይርቅ የጠረጴዛ ጨዋታ መጻሕፍት፣ ዳይስና ተገጣጥመው የሚቀቡ ትንንሽ ወታደሮች የሚሸጥ ሱቅ ነበር። እኔ ዓርብ ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ስለምጫወት ቦታውን አውቀዋለሁ። እሱ የፈለገው ግን ሌላ ነበር። ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ «ዋርሃመር» ከሚባለው የጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ የተወሰደውን «ቶታል ዋር፦ ዋርሃመር» ሲጫወት ያመሻል። ከጨዋታው ነገሥታት ሁሉ መርጦ የያዘው በለጋር አይረንሃመርን ነው። በለጋር አባቶቹ ያጡትን፣ ካራክ ኤይት ፒክስ የሚባለውን ባለ ስምንት ጫፍ ተራራ ሊያስመልስ የወጣ፣ ድዋርፎች የሚባሉት አጫጭር የተራራ ሕዝቦች ንጉሥ ነው። ልጁ ለሳምንታት ሲሸነፍና እንደገና ሲጀምር ከርሞ፣ ወደ ሱቁ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት ተራራውን ይዞ ንጉሡን ዙፋኑ ላይ አስቀምጦታል። አሁን የበለጋርን ጦር በገዛ እጁ ቀብቶ ጠረጴዛ ላይ ሊያሰልፍ ነው የመጣው።

ሻጩ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ልጁ የሚፈልገውን ሲነግረው ወዲያው አልመለሰለትም። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ አጠገቡ ቆመና «በለጋር እኮ ሞቷል» አለው። ተራራው በጠላት እጅ እንደቀረ፣ ከተራራው በኋላም ዓለሙ በሙሉ እንደጠፋ፣ ይህም የሆነው በ2015 እንደሆነ አስረዳው። (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አንዳንዶቹ የድዋርፍ ምስሎች በሌላ ስም፣ ለሌላ ዓለም እንደሚሸጡ፣ የብሬቶኒያ ፈረሰኞች ግን ከነጭራሹ እንደተቋረጡ ነገረን። ፊት ለፊታችን ባለው መደርደሪያ በተደረደሩት ሳጥኖች ላይ ከራስ እስከ እግራቸው ወርቅማ ጥሩር የለበሱ ግዙፍ ተዋጊዎች ተስለዋል። ልጁ አንድ በአንድ አያቸው። እጁ አሁንም ገንዘቡን እንደጨበጠ ኪሱ ውስጥ ነበር። «ትናንት ማታ እኮ ዙፋኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ» አለ።

ሻጩ አልሳቀበትም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ምንም ሳንገዛ ወጣን። መኪና ውስጥ ቀበቶውን እያሰረ «ጋሼ፣ ታዲያ የእኔ ተራራ የማን ነው?» አለኝ። የዚያን ዕለት መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የጠረጴዛ ጨዋታ ኩባንያዎች በሠላሳና በአርባ ዓመት የተገነባ ዓለም በእጃቸው አለ። ያንን ዓለም ለፊልም፣ ለኮምፒውተር ጨዋታ፣ ለቴሌቪዥን ሲያከራዩት ምንድን ነው የሚያከራዩት? ስሙን ነው ወይስ አገሩን?

ዓለም ሲገደል

ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ዋርሃመርን በ1983 ሲያወጣ ዓላማው ትንንሽ የብረት ወታደሮችን መሸጥ ነበር። ዓለሙ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። አንዱ ጸሐፊ አንድ ከተማ ጨመረ፣ ሌላው የነገሥታት የዘር ሐረግ አወጣ፣ ሠዓሊው ካርታ ሣለ። ባሩድና መድፍ ያለው፣ የድሮዎቹን የጀርመን መሳፍንት የሚያስታውስ ኢምፓየር፣ በበረዶ የተከበበችው ኪስሌቭ፣ የፈረሰኞች አገር ብሬቶኒያ፣ ከመቃብራቸው ተነሥተው የሚገዙት የነሄካራ ነገሥታት። ከሌላ ቦታ የተወሰደው ብዙ ነው፤ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ተላምዶ፣ ተዋሕዶ አንድ አገር ሆኗል። ሰዎች በዚያ አገር ውስጥ አድገዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ2014 ክረምት «ዘ ኤንድ ታይምስ» የተባሉት ተከታታይ መጻሕፍት መውጣት ጀመሩ። የሞት መዝገብ ናቸው። በለጋር ሲያልመው በኖረው ተራራ ውስጥ በአይጥ ሰዎቹ አዛዥ በክዊክ እጅ ሞተ። ከተሞች አንድ በአንድ ወደቁ፤ በመጨረሻም ሚደንሃይም ከተማ ላይ የተከፈተው ስንጥቅ ዓለሙን በሙሉ ዋጠው። በ2015 ሐምሌ «ኤጅ ኦፍ ሲግማር» ወጣ። ከአሮጌው ዓለም የተረፈው እንደ አምላክ የሚመለከው ሲግማርና በጣት የሚቆጠሩ ሌሎች ናቸው። በአዲሶቹ ግዛቶች ውስጥ ሲግማር ከሰማይ በመብረቅ የሚያወርዳቸው ወርቅ ለባሽ ተዋጊዎች አሉት፤ መደርደሪያው ላይ ያየናቸው እነዚያ ናቸው።

ለምን እንዲህ ተደረገ? እኔ እንደማየው ምክንያቱ የንግድ ነው። በአሮጌው ጨዋታ አንድ ሙሉ ጦር ለማሰለፍ ብዙ ደርዘን ምስሎች መግዛት፣ መገጣጠም፣ መቀባት ያስፈልግ ነበር፤ ይህ አዲስ ሰው ያርቃል። ደግሞም ጦር የያዘ ፈረሰኛ ማንም ሊሠራው ይችላል፤ ከመብረቅ ውስጥ የሚወጣ ወርቅማ ተዋጊ ግን የአንድ ኩባንያ ብቻ ነው። ይህን ስሌት እረዳዋለሁ። አክሲዮኑ በገበያ ላይ ያለ ኩባንያ ለባለ አክሲዮኖቹ መልስ መስጠት አለበት። በሕግም ዓለሙ የእነሱ ነው፤ ሊያፈርሱት ይችላሉ።

እንዲህ ያደረጉት እነሱ ብቻ አይደሉም። የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ባለቤቶች በ2008 አራተኛውን እትም ሲያወጡ ፎርጎትን ሪልምስ የሚባለውን ዋናውን ዓለማቸውን አንድ መቶ ዓመት ገደማ ወደፊት ወረወሩት። የአስማት አምላክ የሆነችው ሚስትራ ተገደለች፣ በሞቷም ምክንያት ሰማያዊ እሳት ምድሩን በላው። ተጫዋቾች ለሃያ ዓመት የኖሩባቸው አገሮች ከካርታ ጠፉ። የጨዋታውን ሕግ ስለለወጡ ዓለሙ ከሕጉ ጋር እንዲሄድ ፈለጉ። ይህን ዓለም ኤድ ግሪንዉድ የተባለ ካናዳዊ ከልጅነቱ ጀምሮ ለራሱ ሲጽፈው የኖረ ነው፤ የታተመው በ1987 ነው። አምስተኛው እትም በ2014 ሲመጣ ሚስትራ ተመለሰች፣ የጠፉት አገሮች አብዛኞቹ ተመለሱ። ለስድስት ዓመት ያህል የተቃጠለው አገር እንዳልተቃጠለ ሆነ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያዘንኩት። ማፍረሱ አንድ ነገር ነው፤ ያፈረሱትን ምንም እንዳልተፈጠረ አድርጎ መመለስ ደግሞ እዚያ ውስጥ የተጫወትነውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣል።

«ባለቤቱ ያቃለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላሉ አባቶቻችን። የዋርሃመር አሮጌ ዓለም በ2015 እንዲህ ያለ አሞሌ ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ ጥሎታል። ማን ይቀበለዋል? የሆነው ግን ተረቱ እንደሚለው አልሆነም።

የቂም መዝገብ

ዓለሙ በወረቀት ላይ በጠፋበት በዚያው በ2015 ሚያዝያ፣ ክሪየቲቭ አሴምብሊ የተባለው የእንግሊዝ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪ «ቶታል ዋር፦ ዋርሃመር»ን እየሠራ መሆኑን አስታወቀ። ጨዋታው በ2016 ግንቦት ወጣ። ባለቤቱ ሬሳውን ሳይቀብር ሌላው ሕይወት ዘርቶበት አደባባይ አወጣው ማለት ነው። የሠሩትም አዲሱን ዓለም ሳይሆን አሮጌውን፣ ከነካርታው፣ ከነንጉሦቹ፣ ከነጠቡ ነው።

ልጁ ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ የማየው ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚያስደንቀኝ ሥዕሉ ነው፤ ተራራው፣ ሰይፉ፣ ዘንዶው። ቀለም መቀባት ግን ማንም ይችላል። ቀስ በቀስ ዓይኔን የሳበው ሌላ ነገር ነው። ድዋርፎቹ ዳማዝ ክሮን የሚሉት የቂም መዝገብ አላቸው። በጠረጴዛው ጨዋታ መጻሕፍት ውስጥ በሕዝባቸው ላይ የተፈጸመ እያንዳንዱ በደል በንጉሥ ደም የሚጻፍበት መጽሐፍ ነው፤ እስኪመለስ አይሰረዝም። በኮምፒውተሩ ጨዋታ ላይ ይህ መጽሐፍ ጌጥ ሆኖ አልቀረም። አንድ ሽፍታ ከተማህን ሲዘርፍ፣ አንድ ጠላት መንደርህን ሲያቃጥል ስሙ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ችላ ብለህ ሌላ ሥራ ስትሠራ ቂሙ ይከማቻል፤ ሕዝብህ ያጉረመርማል፤ ጸጥታው ይደፈርሳል። ልጁ አንድ ምሽት ጠላት የሌለበትን ሰፊና ለም ግዛት ትቶ፣ አንድን የጎብሊን አለቃ ለመቅጣት ጦሩን በተራሮች መካከል ሲያንከራትት አየሁት። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። «መዝገቡ ላይ አለ» አለኝ።

እኛ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ድዋርፎቹ ይህን የመንግሥታቸው ሕግ አድርገውታል፤ የጨዋታው ሠሪዎች ደግሞ ሕጉን ወደ ሒሳብ ለውጠው በልጁ ውሳኔ ውስጥ አስገቡት። ልጁ መጻሕፍቱን አንድም አላነበበም። ቢሆንም ድዋርፍ ማለት ምን እንደሆነ ከብዙ አንባቢ በላይ ያውቃል፤ ምክንያቱም ለቂም ሲል ለም መሬት መተው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ራሱ ከፍሎ አይቶታል።

ይህን ካየሁ በኋላ ሌሎቹንም በዚያው ዓይን ማየት ጀመርኩ። የቫምፓየር መኳንንቱን የሚመራ ተጫዋች ብዙ ሰው ያለቀበትን የጦር ሜዳ ይፈልጋል፤ ትልቅ ውጊያ የተደረገበት ስፍራ በካርታው ላይ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ እዚያ የሚነሣው የሙታን ጦር ከሌላው ቦታ የበረታ ነው። የነሄካራ ነገሥታት ወታደሮች ሙታን ናቸውና ደመወዝ አይጠይቁም፤ ብዛታቸው የሚወሰነው በወርቅ አይደለም። ብሬቶኒያን የያዘ ገበሬውን በገፍ ካስከተተ እርሻው ሰው ያጣል፣ ግምጃ ቤቱም ይራቆታል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በለጋርም ተራራውን እስኪይዝ ድረስ ጦሩን የሚያስተዳድርበት ወጪ ከሌላው ንጉሥ ይከብዳል፤ የሞቱ ዘመዶቹ መናፍስት ሆነው አብረውት ይዘምታሉ። አንድ ዓለም ከስሙና ከካርታው በታች ሕግ አለው። ምን ምን ያስከፍላል፣ ማን ምንን ሊረሳ አይችልም፣ ከሞት በኋላ ምን ይተርፋል የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ታማኝነት የምለው እነዚህን መጠበቅ ነው።

አምስት ጥያቄ

ይህን ሚዛን ይዤ ወደ ራሴ ጨዋታ ስመለስ ሁለት ፊልሞች ፊቴ ተደቀኑ። የመጀመሪያው በ2000 የወጣው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ታሪኩ ኢዝመር በምትባል አገር ይፈጸማል። ኢዝመርን ጠረጴዛ ላይ ተጫውቶባት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለፊልሙ የተፈጠረች ናት። ያን ጊዜ ብራንዱ ፎርጎትን ሪልምስ፣ ድራገንላንስ፣ ግሬይሆክ፣ ዳርክ ሰን፣ ሬቨንሎፍት ነበሩት፤ በየመጻሕፍት መደብሩ መደርደሪያ ሞልተው የተረፉ ዓለሞች። አንዱንም አልነኩም። ስሙ ተለጠፈ፣ ዘንዶዎች በረሩ፣ ጠንቋዮች ተጣሉ፤ አገር ግን አልነበረም። ያን ፊልም ሳይ የሚሰማኝ ንዴት ሳይሆን ብክነት ነው።

ሁለተኛው በ2023 የወጣው «ኦነር አመንግ ቲቭስ» ነው። ጆናታን ጎልድስቲንና ጆን ፍራንሲስ ዴሊ የመሩት ይህ ፊልም በፎርጎትን ሪልምስ ውስጥ፣ በኔቨርዊንተር ከተማና በአካባቢዋ ይካሄዳል። የቴይ ቀይ ጠንቋዮች አሉበት፣ ሃርፐሮቹ አሉበት። ይህ ሁሉ ግን ስም ነው፤ ስም መደርደር ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። እኔን ወንበሬ ላይ ያስተካከለኝ የመቃብሩ ትዕይንት ነው።

ጀግኖቹ አንድ የጠፋ የራስ ቁር ይፈልጋሉ። ወዴት እንደሄደ የሚያውቁት ከብዙ ዘመን በፊት በጦርነት ያለቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሬሳ ቆፍረው በአስማት ያናግራሉ። ይህ አስማት በጨዋታው መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ ሕጉም ግልጽ ነው፦ ሬሳው የሚመልሰው አምስት ጥያቄ ብቻ ነው፣ የሚያውቀውም በሕይወት ሳለ ያወቀውን ብቻ ነው። ፊልሙ እነዚህን ሁለት ሕጎች ይዞ ሙሉ ትዕይንት ሠራባቸው። ከአፋቸው ያመለጠ ተራ ጥያቄ ሁሉ ይቆጠርባቸዋል፤ ሳያውቁት አምስቱ ያልቃሉ፣ ሬሳው ዝም ይላል። እያንዳንዱ ሟች የሚያውቀው እስከ ሞተባት ቅጽበት ስለሆነ ታሪኩን ከዚያ ማሻገር አይችልም፤ ከእሱ በኋላ የሞተውን ፍለጋ ሌላ መቃብር ይቆፍራሉ። አንድ ጦርነት ከመጨረሻዎቹ እስትንፋሶች እየተለቃቀመ፣ በቁርጥራጭ ይነገራል። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ከሳቁ ሥር የተሰማኝ መታመን ነው። እኔና ጓደኞቼ በዚህ አስማት ጠረጴዛ ላይ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል፤ «ይሄ እንደ ጥያቄ ይቆጠራል?» «አይቆጠርም!» እየተባባልን። አንድ ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ይዞ ተቀምጦ ያንን ጭቅጭቅ የፊልሙ ልብ ሊያደርገው ወስኗል።

ፊልሙ ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው ከ200 ሚሊዮን ብዙም አይዘልም። ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ሲወስዱ ይህ ትርፍ አይባልም። ስለዚህ ለዓለሙ ታማኝ መሆን ገበያ ያመጣል ብዬ አልከራከርም። የ2000ውም ገንዘቡን አልመለሰም፤ ልዩነቱ ያኛው ሲያልቅ የሚናፍቅ አገር አለመኖሩ ነው።

ፍቅር ያለው እጅም ያቆስላል። በዚያው በ2023 ላሪያን የተባለው የቤልጂየም ኩባንያ ያወጣው «ባልደርስ ጌት 3» የዚያኑ ዓለም አፈርና ድንጋይ የሚያውቅ፣ እያንዳንዱን የዳይስ ውርወራ በክብር የሚይዝ ሥራ ነው። ከ1998 ጀምሮ በነበሩት የቀድሞ ጨዋታዎች ያደጉ ብዙዎች ግን የድሮዎቹን ባለታሪኮች ቪኮኒያንና ሳረቮክን ባገኙበት ሁኔታ ተቀይመዋል። ቪኮኒያ በቀድሞው ጨዋታ በተጫዋቹ ፍቅር ከክፋት መንገድ ልትመለስ ትችል ነበር፤ በአዲሱ ግን የጨካኝ መቅደስ አለቃ ሆና ቀረበች። እኔም ከተቀየሙት ወገን ነኝ። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ያዳናትን ሴት እንዳልዳነች መቁጠር፣ የቱንም ያህል የታሪክ ምክንያት ቢሰጠው፣ የተጫዋቹን እጅ ከዓለሙ ማውጣት ነው።

ከስክሪን ወደ ጠረጴዛ

ወደ ዋርሃመር ልመለስ፤ ምክንያቱም እዚያ የሆነው ነገር ሌላ ቦታ ሲሆን አላየሁም። አሮጌው ዓለም በኮምፒውተር ላይ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄደ። ሱቁ መደርደሪያ ላይ የጠፋችው ብሬቶኒያ በ2017 መጀመሪያ ለሁሉም ተጫዋች በነጻ መጣች። በጠረጴዛው ላይ የተቋረጡት የነሄካራ ነገሥታት በ2018 ተከተሉ። ከዚያም ካታይ መጣች። ካታይ በዋርሃመር ካርታ ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ለአሥርታት የኖረች ስም ናት፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ነጋዴዎች ሐሯንና ቅመሟን ያወራሉ፣ ጦሯን ግን ያየ የለም። በ2022 የወጣው ሦስተኛው የቶታል ዋር ጨዋታ ካታይን ከነሙሉ ጦሯ ይዞ መጣ፤ የዘንዶ ንጉሠ ነገሥት ልጆች የሆኑት ሚያው ዪንግና ዣው ሚንግ፣ ከሰሜን የሚመጣውን ጥፋት የሚያግደው ታላቁ ግንብ፣ በሰማይ የሚንሳፈፉት መርከቦች። ይህን የጨዋታው ሠሪዎች ብቻቸውን አልፈጠሩትም፤ የጌምስ ወርክሾፕ ሰዎች አብረው ተቀምጠው ነው የቀረጹት። በ2025 ደግሞ ካታይ ጠረጴዛ ላይ የምትሰለፍ፣ በእጅ የምትቀባ ሆነች። መንገዱ ተገለበጠ። እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ከጠረጴዛ ወደ ስክሪን ይፈስ የነበረው አሁን ወደ ኋላ ፈሰሰ።

ይህ የሆነው ግን ባለቤቱ ስለመለሰው ነው። ጌምስ ወርክሾፕ በ2019 ኅዳር «ዘ ኦልድ ወርልድ» የተባለ ጨዋታ እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ፤ በ2024 ጥር ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ውስጥ የነበሩት ብሬቶኒያና የነሄካራ ነገሥታት ናቸው። ዘመኑን ደግሞ ወደ ኋላ ወሰዱት፤ በአሮጌው ጨዋታ የኢምፓየሩ ገዢ ከሆነው ከካርል ፍራንዝ ንግሥና ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚህ መንገድ የ2015ቱን ጥፋት አልካዱትም፣ እንደ ሚስትራ ሞት በአንድ እትም አልሰረዙትም። ዓለሙ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ከዚያ በፊት ግን ሰው ኖሮበታል፣ እኛም እዚያ ዘመን ውስጥ ልንገባ እንችላለን። ይህን ውሳኔ ከልቤ አከብረዋለሁ። ያስቀየመኝ ሌላ ነው። ቫምፓየሮቹ፣ የአይጥ ሰዎቹ፣ እንሽላሊቶቹ በዚህ ጨዋታ ሕጋቸው በነጻ ተሰጥቷቸው ወደ ዳር ተገፍተዋል፤ እንደ ሌሎቹ መጽሐፍና አዲስ ምስል አያገኙም። አንድ ተጫዋች ለዓመታት በስክሪን የወደደውን ሕዝብ ጠረጴዛ ላይ ሲፈልግ ያው የእህቴ ልጅ የቆመበት መደርደሪያ ፊት ነው የሚቆመው።

የእህቴ ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። የድዋርፎቹ ሳጥን በወጣ ሰሞን ደውሎልኝ «ጋሼ፣ ድዋርፎቹ መጡ» አለኝ። የበለጋር ታሪክ በዚያ ዘመን ገና አልደረሰም፤ ተራራው በጎብሊኖችና በአይጥ ሰዎች እጅ ነው። ለእሱ ግን ይህ የሚያሳዝን አልሆነም። አንድ የጦር አዛዥ ቀብቶ፣ ስም አውጥቶለት፣ የቂም መዝገብ ብሎ በሰየመው ደብተር ላይ የተሸነፈበትን ጨዋታ ሁሉ ከአሸናፊው ስም ጋር ይጽፋል። ይህን ማንም አላዘዘውም። ደብተሩን ሲያሳየኝ ለጥያቄው የፈለግሁት መልስ ከዚያ ጋር የተያያዘ መሆኑ ገባኝ። ተራራው በሕግ የኩባንያው ነው፤ ማንም ጠበቃ ይህን አይከራከርም። ቂሙን የሚጽፈው ግን ልጁ ነው። ኩባንያው ያፈረሰውን ክሪየቲቭ አሴምብሊ ማንሣት የቻለው ያንን ዓይነት ተጫዋች አስቦ ስለሠራ ነው፤ ኩባንያውም ወደ አሮጌው ዓለም የተመለሰው እንደዚህ ያሉ ብዙ ሺህ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ስላገኛቸው ይመስለኛል።

አሁን ተራው የሌላኛው ዋርሃመር፣ የከዋክብቱ ዘመን የ«ዋርሃመር 40,000» ነው። ጌምስ ወርክሾፕና አማዞን ይህን ዓለም ወደ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ለማምጣት በ2022 ታኅሣሥ መነጋገራቸውን ይፋ አደረጉ፤ የተዋናዩ ሄንሪ ካቪል ስምም አብሮ ተነሣ፤ የዚህ ዓለም ተጫዋች መሆኑ የታወቀ ነው። በፈጠራው አቅጣጫ ላይ ተስማምተው ውሉን የቋጩት በ2024 ታኅሣሥ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው በመዘግየቱ ተማረረ። እኔን ግን ደስ አለኝ፤ ለሁለት ዓመት የተነጋገሩት ስለ ስም ብቻ ሊሆን አይችልም ብዬ ስለማምን።

የምጠብቀው አንድ ነገር ነው። በዚያ ዓለም ውስጥ የሰው ልጅ ንጉሠ ነገሥት በሕይወትና በሞት መካከል በወርቅ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። ከዙፋኑ የሚወጣው ብርሃን እንዳይጠፋ በየቀኑ አንድ ሺህ የአእምሮ ኃይል ያላቸው ሰዎች ነፍሳቸውን ይገብራሉ። ከከዋክብት ወደ ከዋክብት የሚጓዙት መርከቦች ሁሉ መንገዳቸውን የሚያዩት በዚያ ብርሃን ነው። ተከታታዩ ግዙፎቹን ወታደሮች፣ ትጥቁን፣ መድፉን እንደሚያሳምር አልጠራጠርም፤ ያ ቀላሉ ሥራ ነው። አንድ መርከብ ጉዞ ስትጀምር ከተመልካቾቹ አንዱ እንኳ ያ ጉዞ በማን ነፍስ እንደተከፈለ ካላሰበ ግን ሌላ ኢዝመር ተሠራ ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ክፍል ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው እነዚያን ሺህ ሰዎች ነው፤ የእህቴ ልጅም አብሮኝ ሊያይ ቃል ገብቷል።